ከውሃ ውስጥ የሚያውል ሥራ

የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር መሆናቸውን አስቀድሜ ልናገርና ወደ ጉዳዬ ልግባ።

ስለ ውሃና ስለ በሽታ ሲነሣ ሁላችንም አፍ ላይ ቶሎ የሚመጣ ምክር አለ፤ «ውሃ አፍልታችሁ ጠጡ» የሚለው። ትክክለኛ ምክር ነው። ከጃርዲያ፣ ከአሜባና ከብዙ ዓይነት ተቅማጥ ያድናል። ዛሬ የምናገርለት ቢልሃርዚያ ግን ውሃውን አፍልታ የምትጠጣውንም እናት ይይዛታል። ጥገኛው ትል የሚገባው በቆዳ በኩል ስለሆነ፣ ጠዋት ያፈላችው ውሃ ቀትር ላይ ወንዝ ውስጥ ቆማ ልብስ ስታጥብ አይደርስላትም። በየጤና ጣቢያው ግድግዳ የተለጠፈውን ምክር ሁሉ ፈጽማ ልትታመም ትችላለች። ስለዚህ ሰው ለምን ይታመማል ብለን ስንጠይቅ፣ «ባለማወቅ» እና «በቸልተኝነት» የሚሉትን ሁለት መልሶች ለጊዜው ወደ ጎን እንድትተዉልኝ እለምናችኋለሁ። እኔ የማምነው በዚህ በሽታ ማን እንደሚያዝ አብዛኛውን ጊዜ የሚወስነው ሥራ መሆኑን ነው፤ ማን፣ በስንት ሰዓት፣ ለምን ያህል ጊዜ ከውሃ ውስጥ ይውላል የሚለው።

ትሉ ከሰው ወደ ሰው በቀጥታ አይተላለፍም። እንቁላሉ ከታመመው ሰው ሰውነት፣ የአንጀት ቢልሃርዚያ ከሆነ በዓይነ ምድር፣ የፊኛ ቢልሃርዚያ ከሆነ ደግሞ በሽንት ይወጣል። ደረቅ መሬት ላይ ከቀረ ደርቆ ይሞታል። ውሃ ካገኘ ግን ይፈለፈልና በዓይን የማትታይ እጭ ትወጣለች። ይህች እጭ በአንድ ቀን ውስጥ የሚስማማትን ቀንድ አውጣ ካላገኘች ዕድሜዋ አበቃ። ካገኘች ሰውነቱ ውስጥ ገብታ ትራባለች፤ አንድ ወር ገደማ ሲሆን ከዚያ ከአንድ ቀንድ አውጣ በየቀኑ በመቶዎች፣ አንዳንዴም በሺዎች የሚቆጠሩ ጭራቸው መንታ የሆነ ሌሎች እጮች ወደ ውሃው ይለቀቃሉ። ሰውን የሚወጉት እነዚህ ናቸው። የሰው ቆዳ ካገኙ በደቂቃዎች ውስጥ ሰርስረው ይገባሉ፤ ካላገኙ ከሁለት ቀን ገደማ በላይ አይኖሩም።

አሁን ሰዓቱን ልብ በሉልኝ። ቀንድ አውጣው እጮቹን የሚለቀው ብርሃን ሲያገኝ ነው። በአንጀት ቢልሃርዚያ ከረፋዱ ጀምሮ እየጨመረ ይሄድና ቀትር አካባቢ ይበረታል። ቀትር ላይ ወንዝ ውስጥ ማን አለ? ልብስ በፀሐይ ይደርቅ ዘንድ በዚያ ሰዓት የምታጥበው ሴት አለች። ከብቶቹን ውሃ ሊያጠጣ ወርዶ ልብሱን አውልቆ የሚዋኘው እረኛ አለ። ከእርሻ ወጥቶ ላቡን የሚታጠበው የቀን ሠራተኛ አለ። ሰው ወደ ውሃ የሚገባበትና ጥገኛው ሰው የሚፈልግበት ሰዓት አንድ ሆነው ተገናኝተዋል። ማለዳ የሚቀዳና ቶሎ የሚመለስ ሰው፣ በዚያው ወንዝ እየተጠቀመ፣ የሚያገኘው እጭ ያነሰ ነው። እንግዲህ «ከወንዝ ራቁ» ከማለታችን በፊት ቀትር ላይ ወንዝ የሚያወርደው ምን እንደሆነ ማየት ይኖርብናል።

በሰውነት ውስጥ ያለው ታሪክ ረጅም ነው። እጮቹ በደም ወደ ሳንባ ከዚያም ወደ ጉበት ይሄዳሉ፤ እዚያ አድገው ወንዱና ሴቷ ተጣምረው በአንጀት ወይም በፊኛ ዙሪያ ባሉ የደም ሥሮች ይኖራሉ። በ1851 ካይሮ ላይ የሞተ ሰው አስከሬን ሲመረምር ይህን ትል ያገኘው ቴዎዶር ቢልሃርዝ የተባለ ጀርመናዊ ሐኪም ነበር፤ በሽታው የተሰየመው በእሱ ነው። የአንጀቱ ዓይነት ሴት ትል በቀን ከ100 እስከ 300 እንቁላል ትጥላለች። ትሎቹ አብዛኛውን ጊዜ ከ3 እስከ 10 ዓመት ይኖራሉ፤ ከ30 ዓመት በላይ የኖሩባቸው ሰዎችም ታውቀዋል። ከእንቁላሉ ግማሽ ያህሉ ወደ ውጭ አይወጣም። ጉበት ላይ፣ አንጀት ግድግዳ ላይ፣ ፊኛ ላይ ይቀራል፤ ሰውነት ያንን ለመዋጋት ሲል ጠባሳ ይሠራል፤ ዓመታት ሲያልፉ የጉበት ደም ሥሮች ይጠባሉ፣ ጣፊያ ያብጣል፣ ሆድ ውሃ ይቋጥራል፤ በመጨረሻም ደም ማስታወክ ሊመጣ ይችላል። በልጆች ላይ ከዚህ ብዙ ቀደም ብሎ ደም ማነስና የዕድገት መጓተት ይታያል፤ ትምህርታቸውም ይጎዳል። መምህር «ልጁ ሰነፍ ሆነብኝ» የሚለው ልጅ ሆዱ ውስጥ ምን ተሸክሞ እንደሚመጣ ማንም አላየለትም።

አገራችን ውስጥ የአንጀት ቢልሃርዚያ በአብዛኛው የሚገኘው ከባሕር ወለል በላይ ከ1000 እስከ 2200 ሜትር ባለው ከፍታ ነው። ይህ ብዙ ሕዝብ የሰፈረበት፣ ብዙ እርሻ ያለበት ምድር ነው። ጣና ዙሪያ አለ፤ ዝዋይ ሐይቅ ዳር፣ ከሚሴ አካባቢ፣ አድዋ፣ ወንጂ፣ መተሐራ፣ ፊንጫ አለ። ዝዋይ አጠገብ ዝንጀሮዎችም ተይዘው ተገኝተዋል። ደጋ ላይ ቅዝቃዜው ጥገኛውን ይገታዋል። የፊኛው ዓይነት ደግሞ የቆላ ነው፤ አዋሽን ይዞ በአፋር፣ በዋቤ ሸበሌ ታችኛው ሸለቆና በኩርሙክ ይገኛል። በሁሉም ቦታ ቀንድ አውጣው የሚወደው ጸጥ ያለና ዝግ ብሎ የሚሄድ፣ ጥልቀት የሌለው፣ ሣርና ቅጠል የበዛበት ውሃ ነው። ክረምት ላይ ጎርፉ ጠራርጎ ይወስደዋል፤ ዝናቡ ካባራ በኋላ ወንዙ ሲረጋጋ እንደገና ይራባል። በጋው እየገፋ ውሃው ሲያንስ፣ ሰውም ከብቱም ቀንድ አውጣውም በቀረችው ኩሬ ላይ ይሰበሰባሉ።

ስለ ፊኛው ዓይነት አንድ ነገር ሳልናገር ማለፍ አይሆንልኝም። እንቁላሉ በሴቶች ማኅፀን በርና ብልት ላይ ቁስል ይፈጥራል፤ ደም ይታያል፣ ሕመም አለው፣ መካንነት ሊያስከትልና ለኤች አይ ቪ ሊያጋልጥ ይችላል። ምልክቱ የአባላዘር በሽታ ስለሚመስል ብዙ ሴቶች ያልሠሩት ነገር ይለጠፍባቸዋል። በባሏ ፊት የምታፍር፣ በወላጆቿ ፊት የምትጠየቅ ልጅ፣ በሽታው ያገኛት ውሃ ስትቀዳ ሊሆን ይችላል። በቆላው የምትሠሩ ነርሶችና አዋላጆች፣ እንዲህ ያለች ሴት ስትመጣ «ወንዝ ትወርጃለሽ ወይ?» ብሎ መጠየቅ ክብሯን ማዳን መሆኑን አትርሱ።

ወደ ወንጂ ልምጣ። በ1954 አንድ የሆላንድ ኩባንያ የስኳር ፋብሪካውን ሲከፍት አዋሽ በቦይ ተጠልፎ ወደ አገዳው ሄደ። አገዳ ውሃ ይወዳል፤ ቦዩም ዓመቱን ሙሉ ዝግ ብሎ የሚፈስ ውሃ ይዞ ተቀመጠ። ሥራው ከየአገሩ ሰው ጠራ፤ ከሚመጡት መካከል ትሉን በሆዳቸው የያዙ ነበሩ። እርሻ መካከል ሽንት ቤት ከሌለ ሠራተኛው የት ይሄዳል? ወደ ቦዩ ዳር፤ መታጠቢያው እዚያው ነውና። ቀንድ አውጣውም ሰውም ጥገኛውም በአንድ ቦይ ተገናኙና በሽታው ሥር ሰደደ። መተሐራም በሽታው የመጣው በዚሁ መንገድ ነው።

ይህ የኛ አገር ብቻ ነገር አይደለም። ሴኔጋል ውስጥ በ1986 ዲያማ ላይ ግድብ ተሠራ፤ የባሕር ጨው ወደ ወንዙ እንዳይወጣ አገደ። ለእርሻው ጥሩ ሆነ። ጨው የማይስማማው ቀንድ አውጣ ግን በዚያ ለስላሳ ውሃ ተራባ። በ1988 ሪሻር ቶል በምትባለው፣ እሷም የስኳር አገዳ ከተማ በሆነችው፣ የመጀመሪያዎቹ የአንጀት ቢልሃርዚያ ታማሚዎች ታዩ፤ በጥቂት ዓመታት ውስጥ አብዛኛው ነዋሪ ተያዘ። ግድቡን የሠሩት ክፉ ሰዎች አልነበሩም። ስለ ሄክታርና ስለ ኩንታል ያሰቡትን ያህል ስለ ልብስ ማጠቢያ አላሰቡም እንጂ።

ጃፓኖች የሄዱበት መንገድ ሌላ ነው። ኮፉ በሚባለው ሸለቆ ገበሬው ሩዝ እርሻ ውስጥ ቆሞ ሲሠራ በዚሁ ወገን በሚመደብ ትል ይያዝ ነበር፤ ካትሱራዳ የተባለ ሐኪም በ1904 ትሉን አገኘው። እዚያ በሽታውን ያጠፋው መድኃኒት ብቻ አልነበረም። የመስኖ ቦዮቻቸውን በሲሚንቶ ለበጡ፤ ቀንድ አውጣው የሚጣበቅበት ጭቃና ሣር ጠፋ፣ ውሃውም ፈጠነ። ከ1977 ወዲህ አዲስ የተያዘ ሰው አልተገኘም። የመስኖ መሐንዲሶች፣ ይህን የምናገረው ለእናንተ ነው። የቦዩን ተዳፋት የምታሰሉበት ወረቀት ላይ የሕዝብ ጤና ውሳኔ እየወሰናችሁ ነው። አንድ ቦይ በየስንት ጊዜው ደርቆ ሣሩ ይጸዳል? ሰው ውሃ ውስጥ ሳይገባ የሚሻገርበት ድልድይ የት የት አለ? ይህ ሁሉ ዲዛይኑ ላይ ካልተሳለ በኋላ ማንም አይጨምረውም፤ በጀቱ አልቋል ይባላል።

የኛው ሰው አክሊሉ ለማ ችግሩን ያየው ከሌላ ወገን ነው። በ1964 አድዋ ላይ ቢልሃርዚያን ሲያጠና፣ ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት ቦታ ወደ ታች ባለው ውሃ ላይ የሞቱ ቀንድ አውጣዎች ተንሳፍፈው አየ፤ ከዚያ ወደ ላይ ባለው ግን ቀንድ አውጣዎቹ በሕይወት ነበሩ። እንዶድ ለእናቶቻችን ሳሙና ነበር። ነጠላና ጋቢ ሲታጠብበት የኖረ ፍሬ ነው። አክሊሉ ፍሬው ቀንድ አውጣ እንደሚገድል አረጋገጠ፤ ከሁለት ዓመት በኋላ ዛሬ በስሙ የሚጠራውን የፓቶባዮሎጂ ተቋም በአዲስ አበባ መሠረተ። ከ1969 እስከ 1974 አድዋ ከተማ ውስጥ ጅረቶቹ በእንዶድ ሲታከሙ ቆይተው ውጤቱ ተለካ። ዕድሜያቸው ከ1 እስከ 6 ዓመት ከሆኑ ሕፃናት መካከል የታመሙት ከ50 በመቶ ወደ 7 በመቶ ወረዱ፤ በጠቅላላው ሕዝብ ደግሞ ከ63 ወደ 34 በመቶ።

እነዚህን ቁጥሮች በጥንቃቄ አንብቡልኝ። አዋቂው ሰው ውስጥ ያለው ትል ዓመታት ስለሚኖር ቶሎ አይጠፋም፤ ስለዚህ በአዋቂው ቁጥሩ ቀስ ብሎ ይወርዳል። ሕፃኑ ግን አዲስ ነው። በሕፃኑ ላይ ያ ሁሉ መቀነስ የሚያሳየው ውሃው ራሱ መዳኑን ነው። ለእኔ የአድዋው ሥራ ትልቅነት እዚህ ላይ ነው፤ ሰው ሥራውን ሳይተው፣ ወንዙ ሳይከለከል፣ ሕፃናት ከበሽታ ተረፉ። እንዶድ እንከን የለውም አልልም፤ ዓሣንም ይገድላል፣ ስለዚህ ዓሣ የሚጠመድበት ሐይቅ ላይ አይረጭም። ነገር ግን በሁለት ቀን ገደማ ውስጥ ፈራርሶ ይጠፋል፤ ገበሬው ራሱ ሊያበቅለው ይችላል። መርዛማነቱ በውጭ ላቦራቶሪዎች መስፈርት ካልተፈተነ አይሆንም እየተባለ የባከነው ጊዜ ያሳዝነኛል። አክሊሉና ባልደረባው ለገሠ ወልደ ዮሐንስ በ1989 በስዊድን የሚሰጠውን የራይት ላይቭሊሁድ ሽልማት አገኙ፤ አክሊሉ በ1997 ዐረፈ። አጥሮቻችን ላይ እንዶድ ዛሬም ይበቅላል።

አሁን የምንመካው በፕራዚኳንተል ነው። ጥሩ መድኃኒት ነው፤ በአንድ ጊዜ የሚወሰድ፣ በኪሎ 40 ሚሊግራም። መርክ የተባለው የጀርመን ኩባንያ በዓለም ጤና ድርጅት በኩል በዓመት እስከ 250 ሚሊዮን ፍሬ በነፃ ይሰጣል። አገራችን በ2015 አገር አቀፍ የትምህርት ቤት ዘመቻ ጀምራ ብዙ ሚሊዮን ልጆች ወስደውታል፤ መምህሩ የልጁን ቁመት ምልክት ባለበት እንጨት ለክቶ ስንት ፍሬ እንደሚገባው ያያል። የደከሙበትን ሰዎች አመሰግናለሁ። ግን መድኃኒቱ የሚገድለው ያደገውን ትል ነው፤ በቅርቡ የገባውን ለጋ ትል አይገድልም፤ ነገ የሚገባውንም አይከለክልም። ሐሙስ ክኒኑን የዋጠ ልጅ ቅዳሜ ከብት ይዞ ወንዝ ይወርዳል።

ከዚያም ትምህርት ቤት ያልመጣው አለ። ለከብት ጥበቃ ከትምህርት የቀረው እረኛ ከማንም በላይ ውሃ ውስጥ የሚውል ነው፤ ዘመቻው ግን የሚያገኘው ክፍል ውስጥ የተቀመጠውን ነው። ዓሣ አጥማጁን፣ የመስኖ ገበሬውን፣ አጣቢዋን ማን ጠየቃቸው? የዓለም ጤና ድርጅት በ2022 ባወጣው መመሪያ በሽታው ከ10 በመቶ በላይ ባለበት ቦታ ከ2 ዓመት ዕድሜ ጀምሮ አዋቂውም ጭምር እንዲታከም መክሯል። ሕፃናቱስ? እናት ልጇን ወንዝ ዳር አስቀምጣ ስታጥብ፣ በመታጠቢያ ሳፋ የወንዝ ውሃ ስታፈስበት፣ ገና መሄድ ያልጀመረ ልጅ ይያዛል። ለረጅም ጊዜ ለእነዚህ የሚሆን መጠን ያለው መድኃኒት አልነበረም፤ ለሦስት ወር ሕፃን ሳይቀር የሚሰጥ አርፕራዚኳንተል የሚባል የሚሟሟ ክኒን በ2023 መጨረሻ ላይ የአውሮፓ መድኃኒት ባለሥልጣንን ድጋፍ አግኝቷል። እስከ ጤና ኬላችን እንዲደርስ መጠየቅ የኛ ሥራ ነው።

መድኃኒት ባይኖርስ ኖሮ ብላችሁ ካሰባችሁ፣ ጋምቤላን ተመልከቱ። እዚያ ያለው የጊኒ ዎርም የሚባል ትል የሚገባው በመጠጥ ውሃ ነው፤ ሰው ትሏን የተሸከመች እጅግ ትንሽ የውሃ ፍጥረት ከኩሬ ውሃ ጋር ይጠጣል። ከአንድ ዓመት በኋላ ክንድ የሚያህል ርዝመት ያላት ትል አብዛኛውን ጊዜ በእግር በኩል ትወጣለች፤ ያቃጥላል፤ ሰውየው ለማብረድ እግሩን ኩሬ ውስጥ ሲነክር እጮቿን ትረጫለች። ክትባት የለውም፣ የሚፈውስ መድኃኒትም የለውም። ሆኖም በ1986 በዓለም ላይ 3.5 ሚሊዮን ገደማ የነበረው የታማሚ ቁጥር በ2024 ወደ 15 ወርዷል። ያወረደው ጨርቅ ማጥለያ፣ ንጹሕ ጉድጓድ፣ የሚታከም ኩሬ፣ እንዲሁም ቤት ለቤት የሚዞሩ የመንደር ሰዎች ናቸው።

ከዚህ ታሪክ ውስጥ ግን እኔን የያዘኝ አንድ ዓመት ነው። በ2017 ጋምቤላ ውስጥ 15 ሰዎች በዚህ ትል ሲያዙ፣ ታማሚዎቹ አንድ ትልቅ እርሻ ላይ ለሥራ የመጡ ሰዎች ነበሩ። በመንደሩ ያለው ማጥለያና ትምህርት እርሻው መካከል አልደረሰም፤ ሥራው ያለው ሩቅ፣ ውሃውም ሜዳ ላይ ያለው ኩሬ። አሁንም ዋናው ሥራው ነው፤ ሰው ከመንደሩ ወጥቶ በሚሠራበት ቦታ የሚያገኘው ውሃ ምንድን ነው የሚለው ጥያቄ።

እንግዲህ የምለምነውን በግልጽ ልናገር። ለመስኖና ለእርሻ ልማት የምትወስኑ፣ ሽንት ቤቱን ከካምፑ አጠገብ ብቻ ሳይሆን ሰው ቀኑን በሚውልበት ማሳ መካከል አድርጉት፤ ወደ ቦታው ለሚመጡት ሠራተኞች መጀመሪያ ምርመራና ሕክምና ስጡ፣ ከዚያ ሥራው ይጀመር። ለመንደር ውሃ የምትሠሩ፣ ቦኖ ስትተክሉ የልብስ ማጠቢያ ሰሌዳ አብራችሁ ሥሩለት፤ ሴቶች ለመጠጥ ከቦኖ እየቀዱ ለማጠብ ወንዝ የሚወርዱት ቦኖው ጋ ለማጠብ ቦታና ውሃ ስለማይበቃቸው ነው። ማጠቢያው ሴቶቹ እርስ በርሳቸው የሚጫወቱበት፣ ጥላ ያለበት፣ ልብስ የሚሰጣበት ካልሆነ ማንም አይጠቀምበትም፤ የት ይሠራ ብላችሁ እነሱን ጠይቁ።

ለየቤታችሁ ደግሞ ልትሠሩት የምትችሉት አለ። ለገላ መታጠቢያ የሚሆነውን የወንዝ ውሃ ቀንድ አውጣ እንዳይገባበት አድርጋችሁ ቀድታችሁ፣ ከድናችሁ ሁለት ቀን ካቆያችሁት፣ ያሉት እጮች ይሞታሉ። ለዚህ ግን ተጨማሪ ጀሪካን ያስፈልጋል፤ ምክሩን የምትሰጡ የጤና ኤክስቴንሽን እህቶቼ፣ ጀሪካን ማን ይግዛ የሚለውንም ለቀበሌው ስብሰባ አቅርቡት። ሣር የበዛበትና ውሃው የቆመበት ቦታ ላይ ልጆች እንዳይዋኙ፣ ከብት የሚጠጣበት ከሰው መግቢያ ተለይቶ ከታች በኩል እንዲሆን ማድረግም ይረዳል።

ሰገራው ውስጥ ደም ያየ፣ ሽንቱ የቀላ፣ ሆዱን ደጋግሞ የሚያመው ሰው ጤና ጣቢያ ሄዶ «ወንዝ ውስጥ እሠራለሁ» ብሎ ይናገር፤ መርማሪው ቢልሃርዚያን እንዲፈልግ የሚያደርገው ይህ ቃል ነው። ሕክምናው ውሃውን ከነካበት ጊዜ ስድስት ሳምንት ገደማ ሲያልፍ ቢሰጥ ይሻላል፤ ያኔ ትሎቹ መድኃኒቱ የሚያገኛቸው ዕድሜ ላይ ናቸው። ክኒኑ መራራ ነው፤ ማቅለሽለሽና የሆድ ቁርጠት ያመጣል፣ በተለይ በባዶ ሆድ ከተወሰደ። መምህራን፣ በዘመቻው ቀን ልጆቹ በልተው እንዲመጡ አስቀድማችሁ ለወላጅ ንገሩ፤ አንድ ልጅ ሲያስታውክ ያየ ሰፈር በሚቀጥለው ዓመት ልጆቹን ይሸሽጋል።

ጥያቄ ያላችሁ፣ በተለይ በቦይ ዳር የምትኖሩ ሰዎች፣ ቅድሚያውን ውሰዱ፤ አዳምጣችኋለሁ።